ከጣራ ገዳም እስከ ጋፋት፦ የአንድ አሮጌ ጠመንጃ የትውልድ ዘመን ፍለጋ

በብዙ ቤተሰብ ውስጥ ማንም ያልመረመረው፣ ሁሉም ግን የሚያምነው አንድ ታሪክ አለ። በአንዱ ቤት ታሪኩ በመሬት ላይ ይንጠለጠላል፤ በሌላው ቤት በአያት ስም ላይ፤ በሌላው ደግሞ በአንድ ዕቃ ላይ። በደቡብ ጎንደር ደጋ ይህ ዕቃ ብዙ ጊዜ ጠመንጃ ነው። ጠመንጃው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ በሠርግ ቀን ይወርዳል፤ ይፎከርበታል፤ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍም ታሪኩ አብሮት ይተላለፋል። ታሪኩ ግን እንደ ብረቱ አይደለም። ብረት በዕድሜ ይመነምናል፤ ታሪክ በዕድሜ ይወፍራል።

ውድ አንባቢያን፣ የዛሬው ጽሑፌ እንዲህ ስላለ የቤተሰባችን ጠመንጃ ነው። ጉዞውን ያደረግነው አባቴና እኔ በጥር ወር 2012 ዓ.ም. ነበር። በዚያ ሰሞን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅን፣ ቁጥር 1177ን አጽድቆ ነበር። የአባቴ ታላቅ ወንድም ይህን በሬዲዮ ሰምተው፣ «ጠመንጃውን ለማን እንደማወርስ ሳልሞት እንምከር፤ ስለ ፈቃዱም እንነጋገር፤ ና» ብለው ላኩበት። አባቴም በልጅነታቸው ከመንደራቸው ወጥተው አዲስ አበባ ያደጉ፣ እዚያው ጌታን ያገኙና ልጆች የወለዱ ሰው ናቸው። ለወንድማቸው ጥሪ እምቢ ማለት ግን አይሆንላቸውም፤ ተያይዘን ወጣን።

መንገዱ

ከባሕር ዳር ተነሥተን የዓባይን ድልድይ ተሻገርን። ዘንዘልማን፣ ሐሙሲትን አልፈን፣ ጉማራ ወንዝን ተሻግረን ወረታ ደረስን። የፎገራ ሜዳ በጥር ወር የታጨደ የሩዝ ቃርሚያ ለብሶ፣ ስመ ጥር ከብቶቹ በቃርሚያው ላይ ተሰማርተው ነበር። ወረታ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ወደ ምሥራቅ የሚታጠፈው በዓለም በር አድርጎ ወደ ደብረ ታቦር ይወጣል፤ ወደ ሰሜን የሚቀጥለው ርብ ወንዝን ተሻግሮ አዲስ ዘመንን አልፎ ጎንደር ይገባል። እኛ መጀመሪያ የያዝነው የሰሜኑን ነው።

ከአዲስ ዘመን ከተማ በላይ ጣራ ገዳም ይታያል። አካባቢው ሁሉ ታርሶ ተራቁቶ፣ ገዳሙ የቆመበት ተራራ ግን በወይራና በጽድ ተሸፍኗል። በደጋው ምድር የጥንቱን ደን የምናገኘው በአብዛኛው በገዳማትና በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ነው፤ እግዚአብሔርን ፈርቶ ዛፍ ያልቆረጠ ሕዝብ ያቆየልን ሀብት ነውና ልናመሰግነው ይገባል። ደኑ ግን ለእግሩ ሥር ገበሬ ሌላም ነገር ያቆያል፤ ዝንጀሮ። እሸት ሲደርስ መንጋው ከደኑ ይወርዳል። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ ያኑርልኝ፤ በኋላ ያስፈልገናል።

የአጎቴ ቤት ከዚያ ተራራ ግርጌ፣ ከአንድ ትንሽ ወንዝ ወዲህ ነው። ከወንዙ ማዶ ሌላ ቤተሰብ ይኖራል። በሁለቱ ቤቶች መካከል ያለው የእግር መንገድ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ሆኖም የእኛ ሰዎች ማዶ ሄደው ለቅሶ ይደርሳሉ እንጂ እንጀራ አይበሉም፤ እነርሱም እንዲሁ። ለምን ቢባል መልሱ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ጠመንጃ ነበር።

ታሪኩ እንደሚነገረው

አጎቴ ቡና ከተጠጣ በኋላ ጠመንጃውን አወረዱትና በጭናቸው ላይ አጋድመው ታሪኩን ነገሩኝ። አባቴም በልጅነታቸው የሰሙት ይህንኑ ነው።

«ይኸ ጋፋት ላይ የተሠራ ነው፤ ለአፄ ቴዎድሮስ። ከእሳቸው እጅ ለቅድመ አያታችን ደረሰ። አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ በወደቁ ዓመት በድንበር ጠብ ተነሣና ቅድመ አያታችን የማዶውን ሰውዬ በዚህ ጣሉት። ደሙ በሽማግሌ ታርቋል፤ ካሳውም ተከፍሏል። ጠመንጃው ግን ይኸው አለ፤ የአባቶቻችን ምስክር ነው።»

«አያ» አሉ አባቴ ቀስ ብለው፣ «ታዲያ ደሙ ከታረቀ ለምን በየሠርጉ እናወጣዋለን?»

አጎቴ መልስ አልሰጡም። ጠመንጃውን ብቻ በጋቢያቸው ጫፍ ወለወሉት።

እኔም አስፈቅጄ ተቀበልኳቸው። ጥይት እንደሌለው ሁለቴ ካየሁ በኋላ ወደ ደጅ፣ ወደ ብርሃን አወጣሁት። ሁለት አፈሙዝ ጎን ለጎን ያለው የአደን ጠመንጃ ነው። አፈሙዞቹ እንደ እባብ ቆዳ የተጠማዘዘ መልክ አላቸው። ሰደፉ ተሰንጥቆ በጠፍር ታስሯል። ከኋላ ያለው ቁልፍ ሲገፋ ወገቡ ላይ ይታጠፍና የጥይት ማስገቢያው ይከፈታል። ያን ጊዜ ከአፈሙዞቹ ሥር፣ በእንጨት ተሸፍኖ ዝገት ባልነካው ቦታ፣ ጥቃቅን ምልክቶች ታዩኝ። አዲስ ዘመን ወርደን ምልክቶቹን በስልክ ፎቶግራፍ አንሥቼ ብራስልስ ለሚኖረው የአጎቴ ልጅ ላክሁለት።

ጠመንጃና ስሙ

መልሱ እስኪመጣ ድረስ ስለ ጠመንጃ ጥቂት ማለት ይገባል። አገራችን ጠመንጃን ከብዙ ወገን ገዝታለች፣ ማርካለች፣ በስጦታ ተቀብላለች። ስሞቹ ራሳቸው የመጡበትን አገር ይናገራሉ። ውጅግራ የምንለው የፈረንሳይ «ፉዚ ግራ» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1874 የወጣ፣ የአፈሙዙ ስፋት 11 ሚሊ ሜትር የሆነ። ሰናድር የእንግሊዙ ስናይደር ነው። ምንሽር የኦስትሪያው ማንሊኸር ነው። ቤልጅግ ደግሞ ስሙ እንደሚናገረው የቤልጂየም ነው። በ1868 ዓ.ም. ጉንደትና ጉራ ላይ አፄ ዮሐንስ የግብፅን ጦር ድል ሲያደርጉ ብዙ የሬሚንግተን ጠመንጃ ተማርኮ በሰሜኑ ምድር ተሠራጭቷል። ስለዚህ አንድ ገበሬ «ይህ የአያቴ ውጅግራ ነው» ሲል ሳያውቀው የፈረንሳይን የጦር መሣሪያ ታሪክ እየተናገረ ነው።

የአንዳንዱ ጠመንጃ ታሪክ በላዩ ተጽፎ ይገኛል። አፄ ቴዎድሮስ በሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሕይወታቸውን ያጠፉበት ሽጉጥ ከንግሥት ቪክቶሪያ የተላከላቸው ነበር። በላዩ ላይም ንጉሠ ነገሥቱ ለቆንስል ፕላውደን ላሳዩት ቸርነት የምስጋና ስጦታ መሆኑ ተቀርጾበታል። የገበሬ ጠመንጃ ግን እንዲህ ያለ ጽሑፍ የለውም። ገበሬ የያዘው ጠመንጃ የሚናገረው የሠሪው አገር በመታበት ማኅተም ብቻ ነው።

ጋፋት

በማግሥቱ ወደ ወረታ ተመልሰን ወደ ደብረ ታቦር ወጣን። አጎቴም «የጋፋትን ነገር በዓይኔ ልይ» ብለው አብረውን መጡ። መንገዱ ከፎገራ ሜዳ እየጠመዘዘ ይወጣል፤ አየሩ ይቀዘቅዛል፤ ከሩቅ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ ብቅ ይላል።

ደብረ ታቦር የጠመንጃን ነገር ከማንም በላይ የምታውቅ ከተማ ናት። የየጁው ራስ ጉግሣ መናገሻ አደረጓት። በ1834 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸው ራስ አሊና የስሜኑ ደጃዝማች ውቤ እዚሁ ተዋጉ። ብዙ ነፍጥ የነበራቸው ውቤ ጦርነቱን ካሸነፉ በኋላ በድንኳናቸው ሲደሰቱ ተማረኩ። ነፍጥ የበዛለት ሁሉ አሸናፊ ሆኖ እንደማያድር ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ኋላም አፄ ቴዎድሮስ መቀመጫቸው አደረጓት። አፄ ዮሐንስም እንግሊዛዊውን ጎርደንን በ1872 ዓ.ም. የተቀበሉት በዚችው ከተማ ነው።

ጋፋት ከከተማዋ ብዙ ሳይርቅ ያለ ኮረብታ ነው። ለወንጌል አማኝ አንባቢ ይህ ኮረብታ ከሌላው ቦታ የበለጠ ጥያቄ ያነሣል። እ.ኤ.አ. ከ1856 ጀምሮ የኢየሩሳሌሙ ጳጳስ ሳሙኤል ጎባት የላኳቸው ወጣት የእጅ ባለሙያዎች ወደ አገራችን መጡ። የሠለጠኑት ባዝል ከተማ አጠገብ ባለው በቅዱስ ክሪሾና የወንጌል ማሠልጠኛ ነው። ዓላማቸው በእጃቸው እየሠሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1840 ሙሉ በሙሉ የታተመውን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ለሕዝቡ ማዳረስ ነበር። ፍላድ፣ ቤንደር፣ ማየር፣ ኪንትስለን፣ ኋላም ቫልድማየርና ዛልሙለር ከእነርሱ መካከል ናቸው።

አፄ ቴዎድሮስ ግን ከእነዚህ ሰዎች የፈለጉት ሌላ ነገር ነው። መጀመሪያ መንገድና ሠረገላ አሠሯቸው። ከዚያ መድፍ ሥሩልኝ አሏቸው። አናውቅም ቢሉም አልተዋቸውም፤ አገልጋዮቻቸው ታሰሩባቸው። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ፤ ቀጥለው ሲሞክሩ ተሳካ። በመጨረሻም ሴባስቶፖል የተባለው፣ 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነው ታላቅ መድፍ ጋፋት ላይ ቀልጦ ተሠራ። ከጥቅምት 1860 ዓ.ም. ጀምሮ በሰው ጉልበት፣ ገደል እየተቆረጠ መንገድ እየተሠራለት፣ ከአምስት ወር በላይ ተጎትቶ መቅደላ ደረሰ። ዛሬም እዚያው መቅደላ ላይ አለ።

አጎቴ ኮረብታው ላይ ቆመው ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ፣ «እግዜርን ሊሰብኩ መጥተው መድፍ ሠሩ?» አሉ።

«ተገደው ነው፣ ጋሼ» አልኳቸው።

«ተገደውም ቢሆን» አሉ፣ «ሰው ያልመጣበትን ሥራ ይሠራል ማለት ነው።»

የእነዚያ ሰዎች ታሪክ በመድፉ አላበቃም። ቴዎፍሎስ ቫልድማየር ከመቅደላ በኋላ ወደ ሊባኖስ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1873 ብሩማና በተባለ መንደር ትምህርት ቤት አቋቋመ። በሽምግልናውም ለአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል መሠረተ፤ አስፉሪዬ የተባለው ይህ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1900 ሥራ ጀመረ። በዚያ ዘመን በአካባቢው የአእምሮ ሕመምተኛ በሰንሰለት ይታሰር ነበር። መድፍ ያቀለጠው እጅ በመጨረሻ ሰንሰለት ፈታ። ጋፋት ከነበሩት መድፍ ሠሪዎች አንዱ የነበረው የሞሪትዝ ሆል ዘርም ሩቅ ሄዷል፤ ዝነኛው ተዋናይ ፒተር ኡስቲኖቭ የልጅ ልጅ ልጁ ነው። ነቢዩ ኢሳይያስ ሰይፍ ማረሻ ስለሚሆንበት ዘመን የተናገረውን (ኢሳይያስ 2፥4) በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ በከፊልም ቢሆን ማየት ይቻላል ማለት ነው።

ብረቱ ምን አለ?

የብራስልሱ የአጎቴ ልጅ መልስ የደረሰን ደብረ ታቦር ሆቴል ውስጥ ነው። ልጁ ነገሩን አክብዶት ወደ ሊዬዥ ከተማ በባቡር ሄዷል። በዚያ ግራን ኩርትዩስ የተባለ ሙዚየም አለ፤ ከያዛቸው ስብስቦች አንዱ የከተማዋ የጦር መሣሪያ ሥራ ነው። የላክሁለትን ምልክቶች እዚያ ከቆሙት ጠመንጃዎች ጋር አስተያይቷል።

ሊዬዥ ለብዙ መቶ ዓመታት ለዓለም ጠመንጃ ስትሠራ የኖረች ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1672 ከተማዋን ይገዛ የነበረው ጳጳስ የጠመንጃ አፈሙዝ ሁሉ ከመሸጡ በፊት እንዲፈተን አዘዘ። ፈተናው እንዲህ ነው። አፈሙዙ በተለመደው መጠን ሳይሆን በበለጠ ባሩድ ይሞላል፤ ሰው ከአጠገቡ ይርቃል፤ ይተኮሳል። የፈነዳው ይጣላል፤ የቆመው ማኅተም ይመታበታል። ማኅተሙ ያለበት ጠመንጃ የገዛ ሰው ፊቱ ላይ እንደማይፈነዳበት ያውቃል። ማኅተሙ በየዘመኑ ተለዋውጧልና ዛሬ ዘመኑን ለማወቅ ይረዳል።

በእኛ ጠመንጃ ላይ የተገኙት ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦

አንደኛ፣ በእንቁላል ቅርጽ ውስጥ ኢ፣ ኤል፣ ጂ የሚሉ ሦስት ፊደሎች፣ ከሥራቸው ኮከብ። ትርጉሙ «የሊዬዥ ፈተና» ነው። ጠመንጃው ቤልጂየም ተፈትኖ አልፏል ማለት ነው፤ ጋፋት አልተሠራም።

ሁለተኛ፣ በእንቁላሉ አናት ላይ ዘውድ አለ። ዘውዱ በማኅተሙ ላይ የተጨመረው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1893፣ በእኛ አቆጣጠር በ1885 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ዘውድ ያለው ጠመንጃ ከዚያ በፊት ሊፈተን አይችልም።

ሦስተኛ፣ 12 የሚል ቁጥር። ይህ የአፈሙዙ ስፋት ነው። አንድ ፓውንድ እርሳስ ለ12 እኩል ድቡልቡል ቢከፈል የአንዱ ድቡልቡል ስፋት ከአፈሙዙ ጋር ይገጥማል፤ 18 ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ነው። እንዲህ ያለው ጠመንጃ ብዙ ጥቃቅን እርሳስ በአንድ ጊዜ የሚበትን፣ ለወፍና ለአውሬ የሚሆን የአደን መሣሪያ ነው።

አራተኛ፣ የሌለው ምልክት። ከ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ወዲህ የሊዬዥ ፈታኞች በየዓመቱ የሚለወጥ ፊደል ይጨምሩ ነበር። በእኛ ጠመንጃ ላይ ይህ ፊደል የለም። እንደ እባብ ቆዳ የሚታየው መልክም ብረትና ስቲል አብሮ እየተጠማዘዘ የሚሠራ አፈሙዝ መለያ ነው። በሊዬዥ አካባቢ በቬዝድር ሸለቆ መንደሮች እጅግ ብዙ ይሠራ የነበረው ይህ አፈሙዝ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እየቀረ ሄዷል።

እንግዲህ ሒሳቡ ቀላል ነው። አፄ ቴዎድሮስ የሞቱት በ1860 ዓ.ም.። አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ የወደቁት በመጋቢት 1881 ዓ.ም.። ጠመንጃው የተሠራው ከ1885 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ። የማዶው ሰው ሲገደል ይህ ጠመንጃ አልተወለደም ነበር።

ለአጎቴ ይህን ያስረዷቸው አባቴ ናቸው። ወንድምን ማዋረድ ቀላል ነው፤ እውነትን እየነገሩ ማክበር ግን ጥበብ ይጠይቃል። አባቴ ወረቀት ላይ ሦስቱን ዓመተ ምሕረቶች ወደ ታች ጻፉና ወረቀቱን ለታላቅ ወንድማቸው ሰጧቸው። ሌላ ነገር አልተናገሩም። አጎቴ አነበቡት። ደግመው አነበቡት። «እንግዲያ ይኸ ብረት ከየት መጣ?» ብለው ጠየቁ።

«ማን ጠየቀኝ?»

ይህን የመለሱልን አዲስ ዘመን ከተማ የሚኖሩት የአባቴ ታላቅ እኅት ናቸው። እቴቴ ዕድሜያቸው ወደ ዘጠና እየተጠጋ፣ ዓይናቸው ደክሞ፣ አእምሯቸው ግን እንደ ምንጭ ውኃ የጠራ ነበር።

«ጠመንጃው? አባቴ ከይፋግ ገበያ ያመጣው ነው እንጂ!» አሉ። «ጣሊያን በወጣ ማግሥት ነው። እኔ ፍየል እጠብቅ ነበር። በቅሎውን ሸጠና በዚያ ገዛው። እናቴ አለቀሰች፤ ‹በቅሎ ሽጠህ ዱላ ታመጣለህ?› አለችው። ዝንጀሮው ግን ከዚያ ዓመት ወዲህ ማሽላችንን አልጨረሰውም።»

አባቴና አጎቴ ተያዩ። የደብረ ታቦር የጣሊያን ጦር እጁን የሰጠው በ1933 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ነው፤ ጎንደር የተለቀቀችው በኅዳር 1934። አጎቴ ያኔ ገና አልተወለዱም። ይፋግ ደግሞ ከጥንት ጀምሮ ነጋዴ የሚገናኝበት የታወቀ ገበያ ነው።

«ታዲያ የጋፋቱ ነገር ከየት መጣ፣ እቴቴ?» አልኳቸው።

«ከአዝማሪ!» ብለው ሳቁ። «የታላቅ ወንድማችን ሠርግ ላይ አዝማሪው ጠመንጃውን ግድግዳ ላይ አየና የቴዎድሮስ ነው አለ። ብር ሸለሙት። ብር ሲሸለም የማዶውንም ደም ጨመረበት። አባቴ ተቆጥቶ ወጣ። ልጆቹ ግን ወደዱት።»

«የማዶው ሰውዬስ?»

እቴቴ ሳቃቸውን አቆሙ። «እሱ እውነት ነው። አያቴ ነግራኛለች። በጦር ነው የወጉት። የማሳ ድንበር ነበር።»

«ለምን እስከ ዛሬ አልነገሩንም?» አሉ አጎቴ።

«ማን ጠየቀኝ?» አሉ እቴቴ።

ወገኖቼ፣ ይህችን ቃል ከጉዞው ሁሉ አልረሳትም። ወንዶቹ ለሰባ ዓመታት ያህል በጠመንጃው ሲፎክሩ እውነቱን የያዙት ሴት ቡና እያፈሉ ከጎናቸው ተቀምጠው ነበር።

ከወንዝ ማዶ

አጎቴ ያን ሌሊት አልተኙም። ሲነጋ ለአባቴ፣ «ማዶ እንሂድ» አሏቸው። የሁለቱም ቤቶች ንስሐ አባት የሆኑ አንድ ቄስና ሁለት የመንደር ሽማግሌዎች አብረውን ሄዱ። ጠመንጃው ቤት ቀረ።

የማዶው ቤት አባወራ በአጎቴ ዕድሜ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። አጎቴ ነገሩን ሁሉ ነገሯቸው፤ ስለ ዘውዱ፣ ስለ ይፋግ፣ ስለ በቅሎው፣ ስለ አዝማሪው። እኔ በልቤ ሽማግሌው ደስ ይላቸዋል ብዬ ጠብቄ ነበር። እርሳቸው ግን በትሕትና ሰምተው ሲጨርሱ እንዲህ አሉ፦

«ብረቱ ንጹሕ ነው አላችሁ፤ እግዜር ያክብራችሁ። ሰውዬው ግን በጦርም ቢሆን ሞቷል። እኛ ደሙን ከታረቅን ቆይተናል። ያቆሰለን ፉከራው ነው። ልጆቼ የናንተን ሠርግ ዘፈን ከዚህ ማዶ ሆነው እየሰሙ ነው ያደጉት።»

ቤቱ ጸጥ አለ። አጎቴ ተነሡ። ሽማግሌ ለሽማግሌ እንደሚያደርገው ዝቅ ብለው፣ «ስለ ፉከራው ይቅር በሉን» አሉ። ሌላው ሽማግሌ ክንዳቸውን ይዘው አነሷቸው። ቄሱ ጸሎት አደረጉ። ከዚያ የማዶዋ እመቤት እንጀራ አቀረበች፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች በአንድ መሶብ በሉ። አጎቴ እንጀራውን ሲቆርሱ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ጌታችን መባ ይዞ ወደ መሠዊያ ስለመጣ፣ ግን ወንድሙ የሚያዝንበት መሆኑን ስላስታወሰ ሰው ያስተማረውን እናውቃለን (ማቴዎስ 5፥23-24)። ሁልጊዜ የማስበው ጥፋቱ ትናንት የተሠራ እንደሆነ አድርጌ ነበር። በአጎቴ ቤት ያየሁት ግን ከመቶ ዓመት በፊት በሌላ ሰው እጅ የተሠራውን ጥፋት ነው። ነቢዩ ሕዝቅኤል በአባቶች ጥፋት የልጆች ጥርስ ይጠርሳል የሚለውን ምሳሌ እግዚአብሔር እንደማይወደው ይናገራል (ሕዝቅኤል 18፥2-3)። አጎቴ የቅድመ አያታቸውን ደም አልተሸከሙም። የተሸከሙት በየሠርጉ የተፎከረውን ነው፤ እርሱን ደግሞ ራሳቸው ሊያወርዱት ይችሉ ነበር፤ አወረዱትም።

ከዚያ ወዲህ

ከዚያ ጉዞ ወዲህ በዚያ ምድር ብዙ ነገር ሆኗል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት እስከ ደብረ ታቦር ዳርቻ ደርሶ፣ በከተማዋ ላይ በወደቀ ከባድ መሣሪያ ሰላማውያን ሰዎች ሞቱ። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ደግሞ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተነሣ፤ ስንቱ ቤት ሐዘን እንደገባበት አንባቢ ያውቃል። እንዲህ ባለ ዘመን ስለ አንድ አሮጌ የአደን ጠመንጃ መጻፍ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። እኔ ግን እንዲህ አስባለሁ፦ በየቤቱ የሚፎከርባቸው ታሪኮች ተመርምረው ቢሆን ኖሮ፣ የሚነሣው መሣሪያ ምናልባት ጥቂት በቀነሰ ነበር።

ስለዚህ በቤታችሁ የቆየ ዕቃ ካለ፣ ጠመንጃም ይሁን ጎራዴ፣ መስቀልም ይሁን ብራና፣ ፎቶግራፍም ይሁን የመሬት ደብዳቤ፣ ጊዜ ሳያልፍ ዕድሜውን ጠይቁ። ጠመንጃ ከሆነ በመጀመሪያ ጥይት እንደሌለው አረጋግጡ፤ አሮጌ ጠመንጃ ለመሞከር ብላችሁ ከቶ አትተኩሱ፤ በሕግ ያለበትን ሁኔታም አስተካክሉ። ምልክቱን ሳትፈገፍጉና ሳትስሉ በጨርቅ ብቻ ወልውላችሁ ፎቶ አንሡ፤ በአሸዋ የተፈገፈገ ማኅተም ዳግመኛ አይነበብም። በቤተሰብ የሚነገረውን ዘመን ከታወቀ ዓመት ጋር አያይዙት፤ «ጣሊያን በወጣ ዓመት»፣ «መተማ ዓመት» ሲባል ዓመተ ምሕረቱን ጻፉበት። ከሁሉ በፊት ግን አሮጊቶቹን ጠይቁ። ቡና ሲፈላ ዝም ብለው የተቀመጡትን ጠይቁ።

አጎቴ ጠመንጃውን ዳግመኛ ለሠርግ አላወጡትም። በቀጣዩ ዓመት የልጅ ልጃቸው ስታገባ የማዶው ቤተሰብ ተጠርቶ መጣ፤ ዳሱም ውስጥ ከዘመድ ጋር ተቀምጦ በላ። አንድ አዝማሪም መጥቶ ነበር። አጎቴ ጠሩትና ብር አስቀድመው በእጁ አኖሩለት። «ስለ ሙሽሮቹ ዝፈን» አሉት፤ «ስለ ሌላው አትጨምር።»